እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና፦ የቪክቶሪያ ዘመን ኪኒን ሻጮች አጭበርባሪዎች ነበሩን?

የጽሑፍ ክርክሩ ርእስ፦ «በቪክቶሪያ ዘመን ቅመማቸውን ደብቀው መድኃኒት የሸጡ የእንግሊዝ ነጋዴዎች አጭበርባሪዎች ነበሩ።» ደጋፊው ፋርማሲስት፣ ተቃዋሚው የታሪክ መምህር ናቸው። ዓመታቱና ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፋርማሲስቱ፦ ይህ ጉዳይ ክርክር ማስፈለጉ ራሱ ይገርመኛል። ልጅ ሳለ እረኛ የነበረው ቶማስ ቢቻም ከ1842 ጀምሮ የሸጠው ኪኒን «ሣጥኑ አንድ ጊኒ ያወጣል» ተብሎ ይለፈፍለት ነበር። ጊኒ 21 ሽልንግ ነው። ሣጥኑ የሚሸጠው በአንድ ሽልንግ ከአንድ ፔኒ ተኩል ስለሆነ ገዢው ያተረፈ ይመስለዋል። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በ1909 ይዘቱን አስመርምሮ ሲያወጣ የተገኘው እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ነው። በሣጥኑ ያሉት የ56ቱ ኪኒን ቅመም ዋጋ ግማሽ ፋርዲንግ ገደማ ነበር (ፋርዲንግ የፔኒ ሩብ፣ ሽልንግ 12 ፔኒ ነው)፤ ከመሸጫው አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። እሬት የሆድ ድርቀትን ያስታግሣል፣ አልክድም። ማስታወቂያው ግን ራስ ምታትን፣ ማዞርን፣ የቆዳ ሽፍታን፣ አስፈሪ ሕልምን ሳይቀር እፈውሳለሁ ይል ነበር።

መምህሩ፦ ከመድኃኒት መደርደሪያ ኋላ ቆሞ መፍረድ ቀላል ነው፣ ወንድሜ። በሰሜን እንግሊዝ የላንክሻየር ፋብሪካ ሠራተኛ ለሐኪም የሚከፍለውን ከየት ያምጣ? ቢያገኝስ ምን ይጠብቀዋል? በዘመኑ መጀመሪያ ሐኪሙ ራሱ ደም ያፈስስ፣ መርዛማ ሜርኩሪ ያለበትን ካሎሜል የተባለ መድኃኒት ያስውጥ ነበር። የነጋዴው ኪኒን ሆድ ከማላላት ያለፈ ጉዳት አላደረሰም። ደግሞም ቶማስ ሆሎዌይ በ1837 ከጀመረው የኪኒንና የቅባት ንግድ ባፈራው ሀብት ለሴቶች ኮሌጅ አሠርቷል፤ በ1886 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ መርቃ ከፍታዋለች።

ፋርማሲስቱ፦ «ሆድ ከማላላት ያለፈ ጉዳት አላደረሰም!» ይህን የጻፉት መምህር ናቸው፤ ተማሪ ቢጽፈው ባለፍኩት። «የጎድፍሬይ ኮርዲያል» የሚባለው ሽሮፕ ኦፒየም የተባለ አደንዛዥ ነበረበት። «የሚስዝ ዊንዝሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ውስጥ ደግሞ ከኦፒየም የሚወጣው ሞርፊን ነበር። የሚሰጡት ለሕፃናት ነው፤ ጥርስ ሲያበቅሉ፣ ሌሊት ሲያለቅሱ። እናት ፋብሪካ ስትውል ሕፃኑ አይረብሽም፤ አንዳንዱም ከዚያ እንቅልፍ አልነቃም። ይህ ጉዳት ካልተባለ ጉዳት ምን እንደሆነ ያስተምሩን። ስለ ኮሌጁ ከሆነ፣ ሆሎዌይ በመጨረሻ ዘመኑ ለማስታወቂያ ብቻ በዓመት 50,000 ፓውንድ ያፈስስ ነበር። ከማን ኪስ የወጣ ይመስልዎታል?

መምህሩ፦ እኔ የጻፍኩት ስለ ኪኒን ነው፤ እርስዎ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ይሁን፣ ወደ ሽሮፑ እንሂድ። የ1868ቱ የፋርማሲ ሕግ የኦፒየምን ሽያጭ ሲቆጣጠር የፓተንት መድኃኒት የሚባሉትን፣ እንዲህ ቅመማቸው ተደብቆ የሚሸጡትን፣ ከቁጥጥሩ ውጭ አደረገ። በየእሽጉ ላይ የተለጠፈው የቀረጥ ቴምብርም የመንግሥት ነበር። ሕዝቡ ቴምብሩን ሲያይ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው መስሎት ይገዛል፤ ግምጃ ቤቱም ገንዘቡን ይሰበስባል። እንግዲህ ዋናው አጭበርባሪ ማን ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የአብዬን ወደ እምዬ! ቀድሞ ጉዳት አልነበረም፤ አሁን ጉዳቱ ተገኘና ባለቤቱ መንግሥት ሆነ። ነጋዴዎቹ ስለ ራሳቸው ማስታወቂያ የተናገሩትን ልጥቀስልዎት። በ1891 የካርቦሊክ ጭስ ኳስ የተባለ፣ የካርቦሊክ አሲድ ዱቄቱ በአፍንጫ የሚሳብ መድኃኒት ሻጮች፣ ኳሱን በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው 100 ፓውንድ እንከፍላለን፣ ለዚህም 1,000 ፓውንድ ባንክ አስቀምጠናል ብለው በጋዜጣ አወጁ። ሚስዝ ካርሊል እንደተባለችው ተጠቀመች፤ በሽታው ያዛት። ገንዘቡን ስትጠይቅ ኩባንያው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስታወቂያው የነጋዴ ጉራ ነው፣ ውል አይሆንም አለ። ሻጩ ራሱ ቃሌ ጉራ ነው ሲል እርስዎ ለምን ይከራከሩለታል?

መምህሩ፦ ታሪኩን ከመጨረሻው በፊት ቆረጡት። በ1892 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሚስዝ ካርሊል ፈረደላት፤ 100 ፓውንዷን አገኘች። የሚዳኝ ሕግ ከነበረ፣ ኦፒየሙን ዝም ያለው ሕግ አውጪው አይጠየቅም? የፓርላማ ኮሚቴ ንግዱን መርምሮ ሪፖርቱ የወጣው ነሐሴ 4 ቀን 1914፣ ብሪታንያ ጦርነት ባወጀችበት ዕለት ነው። ይዘትን መግለጽ ግዴታ የሆነው እስከ 1941 ተጠብቆ ነው። ስለ ካሎሜል ግን እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የሐኪሞቹን ማኅበር ሚዛን ይዘው መጡ፤ ሐኪሞቹን ራሳቸውን የሚመዝነው ማን ነው? ድሃው ተታለለ እያሉ የሚያዝኑለትም አነጋገር ደስ አይለኝም። ያ ሰው የሚሻለውን ያውቅ ነበር።

ፋርማሲስቱ፦ በምን ያውቃል? ተደብቆበት! ሕጉ እስከ 1941 ይዘቱን ጻፉ ብሎ አላስገደደም፤ አትጻፉ ብሎም አልከለከለም። ቢቻም ከ«አንድ ጊኒ ያወጣል» ጎን «ሳሙና አለበት» ብሎ ማተም ይችል ነበር። ለምን እንዳላተመ ይንገሩኝና ስለ ካሎሜል እንነጋገራለን።