ልጆቹ ሐይቅ ይሂዱ ወይስ ማይባር?

ነገሩን የጫረችው ከትምህርት ቤት የተላከች አንዲት ወረቀት ናት። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥር ላይ ለመስክ ትምህርት ከደሴ ወጣ ብሎ ወዳለው የማይባር ገጠር ይሄዳሉ፤ ወላጅ ይፈርም፣ የትራንስፖርት ይክፈል ትላለች። ደሴ ውስጥ እሁድ እሁድ ቡና በምንጠጣበት ቤት ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አቦሉ ሳይቀዳ ክርክሩ ጦፈ።

መጀመሪያ የተናገረችው ወረቀቷ የደረሳት እናት ናት። ሱቅ አላት፤ ልጇ ከሚሄዱት አንዷ ናት።

«ማይባር ምን አለ ብዬ ነው ብር የምከፍለው?» አለች። «ከሄደች አይቀር ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ትሂድ። ጀልባ ትሳፈር፣ ዓሣ ትብላ፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ከሩቅም ቢሆን ትይ። ጭቃና ድንጋይ ለማየት እዚሁ ጦሳ ተራራ ግርጌ አይበቃትም?»

ወረቀቷን የጻፈው የባዮሎጂ መምህር እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«እታለም፣ ሐይቅን ማን ጠልቶ!» አለ። «ግን ስለ ማይባር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። መንግሥት ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገሪቱ ካቋቋማቸው የዚህ ዓይነት ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነው። ኮሪ የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ወደ እሷ የሚፈሰው መሬት ከ110 ሄክታር ብዙም አይበልጥም። በዚያች ተፋሰስ ላይ ዝናቡ ለዓመታት ተለክቷል። ጎርፉ ተለክቷል። ጎርፉ ይዞት የሄደው አፈር ደርቆ ተመዝኗል። ከማሳ የሚሄደው አፈር በግምት ሳይሆን በሚዛን የታወቀበት ቦታ ደጃችን አለ። የኔ ተማሪዎች ግን የአፈር መሸርሸርን ከመጽሐፍ ነው የሚያነቡት።»

ሚኒባስ የሚነዳ ወዳጃችን ደገፈው። «ሐይቅ ብዙ ትምህርት ቤት አመላልሻለሁ። እስክንደርስ ጭፈራ፣ ስንደርስ ፎቶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ እንደገና ፎቶ። ደብተር ከቦርሳ አይወጣም። ስንመለስ ግማሹ ተኝቷል።»

«ታዲያ ልጆች አይደሉ? ይደሰቱ!» አለች እናትየው።

ደስታውን የተቃወመ አልነበረም። መቃወምም አይገባም። ከክፍል ወጥቶ በአንድ መኪና እየዘፈኑ መሄድ ራሱ ለዚህ ዘመን ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

መምህሩም ይህን አልካደም። «ሐይቅም ቢሆን ትምህርት ሞልቶታል፤ ችግሩ የሚያስተምር አለመገኘቱ ነው» አለ። «ያቺ የሚበሏት ቆሮሶ የምትባል ዓሣ የሐይቁ ተወላጅ አይደለችም። በሰው እጅ የገባችው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ውሃው በጣም ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ አረንጓዴ እየሆነ መጣ። ተመራማሪዎች ዓሣው ጥቃቅኖቹን የውሃ እንስሳት ስለበላቸው ነው ይላሉ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ አልጌው ነገሠ። ሐይቁ ደግሞ ከአንካርካ ወንዝና ከዙሪያው ተራራ ውሃ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ከእርሻ ታጥቦ የገባው እዚያው ይቀራል።»

«ይህን ልጅ እንዴት ያየዋል?» አለ ሾፌሩ።

«ቀላል ነው። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ነጭና ጥቁር ትቀባለህ። ድንጋይ ታስርበትና በየግማሽ ሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ከጀልባ ላይ ታወርደዋለህ። ከዓይንህ ሲጠፋ ቋጠሮውን ትቆጥራለህ፤ ቋጠሮው ባነሰ ቁጥር ውሃው ደፍርሷል ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።»

እናትየው ቶሎ ያዘችው። «ጎበዝ! ታዲያ ይህን ሐይቅ ወስደህ አታስተምራቸውም? ጀልባውም አለ፣ ትምህርቱም አለ።»

መምህሩ መልስ ፍለጋ ዝም አለ። ጥያቄዋ ልክ ነበር።

ዝምታውን የሰበሩት እስካሁን ፍንጃላቸውን ይዘው ሲያዳምጡ የቆዩት ሽማግሌ ናቸው። የቤቱ ባለቤት ዘመድ ናቸው። በአልብኮ በኩል፣ ከዚያው ከማይባር አካባቢ ገበሬ ናቸው።

«እኛን ማን ጠየቀ?» አሉ። «ደብተር የያዘ ሰው ወደኛ አገር መምጣት ዛሬ አልጀመረም። ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። የጻፈውን ተመልሶ ያነበበልኝ አላየሁም። አሁን ደግሞ የከተማ ልጅ መጥቶ አፈርህን ጠብቅ ሊለኝ ነው?»

«ኧረ አባባ፣ እንደሱ አይደለም» አለ መምህሩ።

«ቆይ ልጄ፣ ልጨርስ። እርከኑን የሠራነው እኛ ነን። በደርግ ጊዜ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን ድንጋዩን የተሸከመው ይሄ ትከሻ ነው። ግን እርከን መሬት ይበላል። ጠባብ ማሳ ላይ በሬ ማዞር ጭንቅ ነው። አይጥ ይራባበታል። ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ብዙውን አፈረሰው። የተከለለውንም ዳገት ዛፉን ጨረሰው። እኔም ካንዱ ማሳዬ ላይ አፍርሻለሁ፤ አልዋሽም። ወላሂ፣ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከላይ በኩል ድንጋዩ ብቅ ብቅ አለ። ገብሱ ቀጨጨ። መልሼ ሠራሁት። በዚህኛው ጊዜ ማንም ስንዴ አልሰፈረልኝም።»

መምህሩ እስክሪብቶ አወጣ። ሽማግሌው አዩት፤ ግን አልተቆጡም።

«እንደገና የተከለለው ዳገት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ከብት አይገባበትም፤ ሳሩን አጭደን እንወስዳለን። ምንጩ ተመልሷል። እሰየው። ዝንጀሮውም አብሮ ተመልሷል። አተሬን ሊጨርስ ነው። የልጄ ልጅ ትምህርት ቤት መዋል ሲገባት ማሳ ላይ ዝንጀሮ ስታባርር ትውላለች። ይህን መጽሐፋችሁ ላይ ጽፋችሁታል?»

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች እናትየው።

«ካንቺዋ ጋር እኩያ ናት።»

እናትየው ከዚያ በኋላ ስለ ጀልባ አላነሳችም።

ነገሩ አበቃ ስንል የቤቱ ልጅ ገባበት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ለምን ሩቅ እንሄዳለን?» አለ። «የቦርከና ወንዝ እዚሁ ነው። ከደሴ ቆሻሻችንን ይዞ ይወርዳል። ኮምቦልቻ የፋብሪካው ይጨመርበታል። ከዚያ አዋሽ ይገባል። ልጆቹ ድልድዩ ላይ ቆመው ፌስታሉን ይቁጠሩ። ሚኒባስ አይፈልግ፣ ብር አይፈልግ።»

ይህ ልጅ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው የሚከብደው ቤት ብዙ ነው። ገንዘብ ስላጣች ብቻ ክፍል ውስጥ የምትቀር ተማሪ ካለች ያ የመስክ ትምህርት ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል። መምህሩም አላጣጣለውም። ሐሳቡን አስፍቶ መለሰለት።

«የማይባር ውሃም የሚወርደው ወደ ቦርከና ነው። ቦርከና አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የእኒህ አባት አፈር የት እንደሚሄድ ልጁ ከምንጩ ጀምሮ ይከተለው። መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ድልድዩ።»

«መቼ ነው የምትመጡት?» አሉ ሽማግሌው።

«ጥር ላይ፣ ለሴሚስተር እረፍት።»

«ጥር ምን አለ? አቧራ! ጎርፍ ልታዩ ከሆነ በበልግ ኑ እንጂ። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ነው መሬቱ የሚናገረው። እርከን ካለው ማሳና ከሌለው የሚወጣውን ውሃ ጎን ለጎን አሳያችኋለሁ።»

መምህሩ ዓይኑ በራ። ሁለቱን ውሃ በሁለት ሃይላንድ ቀድቶ፣ ክፍል መስኮት ላይ አሳድሮ፣ በማግስቱ ከሥር የረጋውን ጭቃ በማስመሪያ መለካት ነው አለ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

እናትየው ግን የበልግ ዝናብ ሲባል ፊቷ ጠቆረ። «መንገዱ ያንሸራትታል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዋናውን ተናገረች። «በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጄን ይዤ በእግሬ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ ከራቀች እንቅልፍ የለኝም። እናንተ ስለ አፈር ታወራላችሁ፤ እኔ ማታ በሰላም ስለመግባቷ አስባለሁ።»

ለዚህ ማንም መልስ አልሰጠም። ሾፌሩ ብቻ ዝናብ ከከበደ መኪናዬን አላንቀሳቅስም ብሎ ማለላት። መምህሩም አንቺም አብረሽን ነይ አላት። ሱቁን ማን ይጠብቃል አለች እንጂ አልሄድም አላለችም።

ሲለያዩ አልተስማሙም። የኔን ፍርድ ልናገር።

ልጆቹ ማይባር ይሂዱ። ምርምር ጣቢያ ስለተከፈተበት ብቻ አይደለም። ሐይቅ ላይ ልጁ የሚያየው ውጤቱን ነው፤ ውሃው ለምን እንደተለወጠ ከጀልባ ላይ አይታይም። ዳገቱ ላይ ግን ውሳኔውን የወሰነ ሰው ቆሞ ያገኛል። እርከኑን ሠርቶ፣ አፍርሶ፣ መልሶ የሠራ ሰው። የአካባቢ ጥበቃ በመፈክር ዛፍ መትከል ነው፤ በተግባር ግን በሬው የት ይዙር፣ ከብቱ የት ይዋል፣ ዝንጀሮውን ማን ይጠብቅ ነው። የወሎ ልጅ ይህን ሳያውቅ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ አልፈልግም። ይህ ሕዝብ በ66 እና በ77 የደረሰበትን የሚያውቅ ሁሉ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ስለዚህ የዚያን ቀን አስተማሪ መሆን ያለባቸው ሽማግሌው ናቸው። መምህሩ አጠገባቸው ቆሞ ያግዝ። ለድካማቸውም ይከፈላቸው። ለመኪና፣ ለምሳ፣ ለውሃ ብር ተመድቦ አስተማሪው በነጻ ይናገር ማለት ነውር ነው። ያኔ ደብተር ይዘው የሚመጡትን ልጆች የሚያዩበት ዓይንም ይለወጣል።

ቀኑ በበልግ ይሁን። የእናትየውን ስጋት ግን እንደ ሴት ወሬ አንተወው። ዝናቡ ከጠና ጉዞው ይቅር፤ ወላጆችም ተራ ገብተው ይሂዱ። ቦርከናም አይረሳ። ከማይባር መልስ በሳምንቱ በእግር ድልድዩ ድረስ ይወረድ።

ከሁሉ በላይ የምለምነው አንድ ነገር አለ። በዚያ ቀን የሽማግሌው የልጅ ልጅና የክፍል ጓደኞቿ አብረው ይዋሉ። ሃይላንዱን አንዱን የደሴዋ ልጅ ትያዝ፣ አንዱን እሷ። የተለካውም ቁጥር በሁለቱም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለሽማግሌውም ይነበብላቸው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ጥቅምት ላይ፣ እነዚያው ልጆች ወደዚያው ማሳ ይመለሱና ገብሱን ይዩ። የመኪና ብር ከጠፋ የምሳው ይቅር፤ ዳቦና ቆሎ ከቤት ይዞ መሄድ ይቻላል።