ስለ ጦጣው ይቅርታ እንጠይቃለን

ጣና ዳር ሎጅ እንደማስተዳድር የሰማ ሁሉ ይቀናብኛል። ጠዋት ተነስቼ፣ ቡናዬን ይዤ፣ ሐይቁን ሳይ የምውል ይመስለዋል። ሐይቁንስ አየዋለሁ። ግን እያየሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራዬ እሱ ነው። እኔ ስላልቀጠርኳቸው፣ ላባርራቸውም ስለማልችል ፍጥረታት ይቅርታ መጠየቅ።

እንግዳ ገና መታወቂያውን ሳያወጣ "ጉማሬ አለ አይደል?" ይላል። አለ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ድሮም ነበር፣ ዛሬም አለ። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው?" ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው። ፀሐይ ቆዳውን ስለምትጎዳው ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ይውላል። ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል። በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሊበላ ይችላል። እንግዳዬ ግን ጉማሬውን የሚፈልገው ከምሳ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ነው። በሩቁ ጆሮ ሲያሳዩት "ይሄው ነው?" ይለኛል። "ይቅርታ" እላለሁ። ስለ ጆሮ።

ጉማሬው ከነሙሉ አካሉ የሚመጣው ማንም ሳይጠራው ነው። ማታ፣ ሰው እራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ። ያኔ ስልኬ ይጮሃል።

"ማናጀር፣ በረንዳው ሥር የሆነ ነገር እየተነፈሰ ነው።"

"ጉማሬ ነው።"

"ምን ይፈልጋል?"

"ሣር።"

"እባክህ ውሰድልኝ!"

ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ወዴት እንደምወስደው ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሲነጋ ደግሞ ያው ሰውዬ ቁርስ ላይ ለጠረጴዛው ሁሉ "በእጄ ልነካው ምንም አልቀረኝም" ይላል።

ዘበኛችንን ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። አያ አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁም። ጉማሬ ሲግጥ ያዩት ሰነፍ ይመስላቸዋል። ሲደነግጥ ግን መሸሻው ውሃው ነው፤ በመንገዱ ላይ የቆመውን ሰው ጨፍልቆት ያልፋል። በሩጫ ደግሞ ማንም አያመልጠውም። አያ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ባትሪያቸውን እያወዛወዙ ያስረዳሉ። በቀደም ከአዲስ አበባ ለጫጉላ የመጣ ሙሽራ አዳምጦ አዳምጦ፣ "አያ፣ ታዲያ ሰልፊውን በየት በኩል ብነሳ ይሻላል ይላሉ?" አላቸው። አያ መልስ አልሰጡትም። ወደ ሙሽሪት ዞር ብለው "ልጄ፣ ይኼን ሰው ከየት አገኘሽው?" አሏት።

ጉማሬ ቢያንስ ተንኮል የለውም። ጦጣ ግን ሌላ ነው። ቡፌው መቼ እንደሚቀርብ ከአስተናጋጆቹ አስበልጦ ያውቃል። የትኛው ክፍል መስኮት እንደማይገጥም ያውቃል። ስኳሩን ከእሽጉ አውጥቶ ይበላና ወረቀቱን ሳህኑ ላይ ይመልሳል። ሥነ ሥርዓት አለው፤ አንዳንድ እንግዳ ይህንንም አያደርግ። ያባለገው ግን ሰው ነው። አንዱ ሙዝ ያጎርሰውና ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይለቃል። "አቤት ሲያምር" ተብሎ ይሞገሳል። በማግስቱ ሙዝ ሳይዝ የሚመጣው ምስኪን ግን ቦርሳው ይፈተሻል። "ጦጣ አትመግቡ" የሚል ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። ጽሑፉን ጦጣው ወሰደው። ከባሕር ማዶ የመጡ አንዲት እናት መነጽራቸው ሲነጠቅ "ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ?" አሉኝ። ዛፉ ላይ ያለውን መነጽር ያደረገ ጦጣ እያየሁ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳልስቅ። ደመወዜ የሚከፈለኝ ለዚህች ሳልስቅ ላልኳት ነው።

ወፍም አለ። በመኪና ስፖኪዮ ውስጥ ራሱን አይቶ ጠላት የመጣበት እየመሰለው እስኪመሽ የሚደባደብ። ሾፌሮች ስፖኪዮውን በካልሲ ይሸፍኑታል። ስለ ካልሲው ሽታ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እሱ የሾፌሩ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ አውደ ጥናት እንግዶች ልምጣ። በእነሱ ነው የምንኖረው፤ አልክድም። ቱሪስት ሲጠፋ አውደ ጥናት አይጠፋም። ባለፈው ስለ እምቦጭ ሊወያዩ መጡ። እምቦጭ ጣና ላይ ታየ ከተባለ ከ2004 ገደማ ወዲህ ብዙ ውይይት አስተናግዷል። አረሙ ይበልጥ የበረታው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ደምቢያና ፎገራ ዳር ነው። ውይይቱ የሚበረታው ግን በደቡብ፣ እኛ ጋ ነው። ቡፌው ያለው እዚህ ነዋ።

አዳራሻችን ሦስት ግድግዳው መስታወት ነው፤ ከየትም ቢቀመጡ ሐይቁ ይታያል። ሰብሳቢው ገና እንደገቡ "መጋረጃውን ዝጉልን፣ ስክሪኑ አይታይም" አሉ። ዘጋን። ጨለማው ውስጥ የመጀመሪያው ስላይድ ወጣ። የጣና ፎቶ ነው። "ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምታዩት ሐይቃችን" ብለው ጀመሩ። እንደምናየው ሐይቃችን ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መጋረጃው አልተገለጠም። ደምቢያ ያለው ገበሬ በዚያ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆሞ አረሙን በእጁ እየነቀለ ይሆናል፤ እሱ ስላይድም አበልም የለውም። በመጨረሻው ቀን አንዱ ተሳታፊ ደረሰኝ ሲቀበለኝ "ሐይቁ በየት በኩል ነው? ሳላየው ልሄድ ነው እኮ" አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። "አይ፣ ትልቅ ነው" አለና መኪና ውስጥ ገባ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለማጣት ጥረት ይጠይቃል።

ገዳማቱም የኔ ጥፋት ናቸው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይህን ስናገር "በደብዳቤም አይሆንም?" ያለችኝ አለች። ማህተም ያለው ደብዳቤ ከሆነ ይሆናል ብላ ነው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳ ሥዕሎቹን እንድታይ ለመንኳት። ሌሊት ኪዳን ሲደርስ ደግሞ "የድምፅ ማጉያውን ቀንሱልን" ብሎ ሪሴፕሽን የሚደውል አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ማብሪያ ማጥፊያ እኔ ጠረጴዛ ሥር ይመስለዋል።

ጢስ ዓባይም እንዲሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ እንግዶች ፏፏቴውን የሚያውቁት ከድሮው የወረቀት አንድ ብር ጀርባ ነው። በበጋ ሄደው፣ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ተጠልፎ ገደሉን ሲያዩ ተናደው ይመለሳሉ። "ብሩ ላይ እንዲህ አልነበረም!" ልክ ናቸው። ግን ብሩም ሳንቲም ሆኗል። ክረምት ላይ ይምጡ እላቸዋለሁ። በክረምት ሲመጡ ስለ ጭቃው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በጾም ወራት ክርክሩ ወደ ማዕድ ቤት ይዞራል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንዱ ዓሣ ለጾም ይበላል ይላል፣ ሌላው አይበላም ይላል። አምባዛ ከሆነማ ሦስተኛው ይነሳል፤ ቅርፊት የሌለው አይበላም ብሎ። ወጥ ቤታችንን ለዳኝነት ይጠሯታል። "እታለም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" እሷ ጭልፋዋን እንደያዘች ትመጣለች። "እኔ ዓሣ መጥበስ ነው የምችለው። ኃጢአት የሚፈታ ከፈለጋችሁ ጀልባ ይጠራላችሁ" ትልና ትመለሳለች። ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቀረሶ፣ ይታዘዛል። ሦስቱም ይበላሉ።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው። የሚያየን በሒሳብ መዝገብ ነው። ሰሞኑን ወጪው በዛ ብሎ ኦዲተር ላከ። ጥንቁቅ ሰው ነው። የዱቤ መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጠ። የስቶር ልጃችን ደግሞ ሐቀኛ ነው፤ የጠፋውን ሁሉ በወሰደው ስም ይመዘግባል። ኦዲተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠራኝ።

"ይኼ ጦጣ የምትሉት ደንበኛ ማነው? ስኳር፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ እንደገና ስኳር። አንድ ቀን እንኳ አልከፈለም።"

አፌን ለይቅርታ ስከፍት አያ ከበሩ ላይ ቀደሙኝ።

"ጌታው፣ እሱ ብቻውን መች በላው? ከነቤተሰቡ ነው እንጂ።"

ኦዲተሩ "ቤተሰብ" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።