ሴት ሆኖ የተጫወተ ወንድ ልጅ አይለወጥም

"በትምህርት ቤት ድራማ ሴት ሆኖ የተጫወተ ወንድ ጠባዩ ይለወጣል፤ እኔም ልጄን ከክበቡ አስወጥቻለሁ" ብለሃል። ወንድሜ፣ ይሄ ስህተት ነው። ደሴ ላይ የድራማ ክበብ ስይዝ ብዙ ወላጅ እንዲህ ይለኝ ነበር።

ሌባ ሆኖ የተጫወተ ሌባ ይሆናል? እኛው አገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ሴቶች መድረክ ስለማይወጡ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንግሊዝም እስከ 1660 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንዲሁ ነበር።

አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ እናት ሆኖ ተጫወተ። ሻሽ አስሮ፣ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝሎ ገባ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ዙር እንደሄደ ግን ጎንበስ ብሎ ቀረና "እህቴ በየቀኑ ይሄን ነው እንዴ የምትሸከመው?" አለ። ያኔ ማንም አልሳቀም። የእድር ዳኛ ሆና የተጫወተችው ልጅ ደግሞ ድምጿ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም ነበር።

ስለ ጾታው፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማንነቱ ጥያቄ ያለው ልጅም ቢሆን ጥያቄውን ድራማ አልፈጠረበትም። ቀድሞም ነበረው። በገጸ ባሕርይ አፍ ሲናገረው ግን ትንሽ ቀለል ይለዋል።

አብሽር፣ ልጅህን ወደ ክበቡ መልሰው።