ገዢ መሬት

ባለፈው ልቅሶ ቤት ነበርን። የሰፈራችን አንዲት እናት ያረፉ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሌሊት። ሰዓቱ ገፍቶ ሴቶቹ ወደ ቤት ገብተዋል። ወንዶቹ እንደተለመደው ድንኳን ውስጥ ኮንከር ይዘዋል። እኔ ካርታ ስለማልችል ዳር ተቀምጬ ነጥብ እይዛለሁ፣ ንፍሮ እቆረጥማለሁ።

ወሬው እንዴት ናቅፋ፣ ኤርትራ ውስጥ ካለችው የሻዕቢያ ተራራማ ምሽግ፣ እንደደረሰ አላስታውስም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ጎረምሳ አለ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ። እሱ ነው የጀመረው።

«የተራራ ጦርነት ቀላል ሂሳብ ነው። ገዢ መሬት የያዘ ያሸንፋል። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ መንግሥቱ ራሳቸው አስመራ ድረስ ሄደው አልመሩም? ያ ሁሉ ጦር ተሰልፎ ናቅፋ ያልተያዘችው ለምን ይመስላችኋል? ሻዕቢያ ከላይ ነበር፣ ደርግ ከታች። አለቀ።»

ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው። ከተራራ ክፍለ ጦሮች በአንዱ ውስጥ ነበሩ። ሁልጊዜም «እኔ የሜዳ አገር ልጅ፣ ተራራ ያየሁት ስማችን ላይ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ያን ሌሊት ግን አልቀለዱም።

«አንተ፣ ከላይ ሆነህ ታውቃለህ?»

«እንዴት ጋሼ?»

«ጠየቅኩህ እኮ። እኛም ከላይ ነበርን። ሸለቆው መሀል ነው፣ እነሱ በዚያኛው ጫፍ፣ እኛ በዚህኛው። ማን ነው ገዢው?»

ሁለት ካርታ አንስተው እንደ ድንኳን አቆሟቸው። ሌላ ሁለት ከጎን ደገሙ። ከሥራቸው የንፍሮ ስንዴ በተኑ። «ይሄ እኔ ነኝ። ይሄ ስንዴ ደግሞ ሊገድለኝ የመጣ ሰው ነው። እዚህ እግሬ ሥር ገደሉን ከተጠጋ አላየውም። ላየው ብዬ አንገቴን ካወጣሁ ያኛው ጫፍ ላይ ያለው ይመታኛል። ቁልቁል ስትተኩስ ደግሞ ጥይቱ ከሰውየው በላይ ያልፋል። ዝቅ አድርገህ ማለም አለብህ። ይሄን እስክትለምድ ስንት ሰው ያልቃል! ምሽግ ቆፍር ይሉሃል፣ አለት ነው፤ ድንጋይ ትክባለህ። ሞርታሩ ሲወድቅ የካብከው ድንጋይ ራሱ ይፈነጠርና ይመታሃል። ከብረቱ ይልቅ በድንጋዩ የቆሰለ አይቻለሁ።»

አስተማሪው ሊናገር ጣቱን አነሳ። ጋሼ አላስገቡትም።

«ቆይ። ውሃውስ? ውሃ ያለው ከታች ነው። በቀን ከወረድክ ትመታለህ፣ ስለዚህ በጨለማ ነው። አንድ ሌሊት እኔና አንድ ልጅ ጄሪካን ይዘን ወረድን። ስንመለስ ተኮሱብን። የእኔ ጄሪካን ተበሳ። ኮቾሮ፣ ያን የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ አኝኬ ለጠፍኩበት፣ አልያዘም። በአውራ ጣቴ ደፍኜ ሽቅብ ወጣሁ። ስደርስ ግማሽ ቀርቷል። ያንን ለአንድ ጋንታ በኮዳ ክዳን አከፋፈልን። እና አንተ ገዢ መሬት ትለኛለህ?»

አውራ ጣታቸውን አሳዩን። ምንም የለበትም፣ ያው የሽማግሌ ጣት ነው። ሁላችንም ግን አየነው።

ዝም ያልነው ለአንድ አፍታ ነው። ከዚያ አስመራ ተወልዶ ያደገው ጎረቤታችን ገባ። አጎቱ ከዚያኛው ወገን ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውሃ እኮ እነሱም አልነበራቸውም። የሳህል ተራራ ለማንም አልራራም። አጎቴ ስለ ጥማት ሲያወራ እርስዎን ይመስላል። ልዩነቱ ከጀርባ ነው። እነሱ ከኋላቸው ሸለቆ ነበራቸው። ኦሮታ ላይ ሆስፒታሉን ከዛፍና ከአፈር ሥር ደብቀው ሠሩ። አንድ ቁስለኛ ከተራራ ለማውረድ ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«አራት። መንገዱ ረጅም ከሆነ ስምንት፣ እየተቀያየሩ።»

«አያችሁ? የእነሱ ስምንት ሰው ቁስለኛውን ወስዶ የሚያደርስበት ቦታ ቅርብ ነበር።»

«የእኛም ይደርስ ነበር» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው። «እኛን የጨረሰን ተራራው አይደለም፣ ውሃውም አይደለም። በየካቲት 1980 የናደው ዕዝን አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን የገዛ መንግሥቱ ረሸነው። አዛዡ የተረሸነበት ጦር እንዴት ይዋጋል? ወር አለፍ ሲል መጋቢት ላይ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀ። ናደው ዕዝ እንዳለ ፈረሰ። ይኸው ነው።»

አስተማሪው እዚህ ላይ «እሱማ ትክክል ነው» ብሎ ወደ ጋሼ ሄደ። አስመራ ያደገው አንገቱን ነቀነቀ። አንዱ ደግሞ «ኧረ ሬሳ ገና ትናንት ነው የወጣው፣ ድምፃችሁን ቀንሱ» አለ። ክርክሩ በዚሁ ተቆረጠ።

እኔ ያኔ ምንም አልተናገርኩም። ነጥብ ያዥ ነበርኩ። አሁን ግን የእኔን ልበል።

ስለ ጄኔራሉ ጋሼን ሙሉ በሙሉ አላምናቸውም። ግድያው የጦሩን ልብ እንደሰበረ አያጠራጥርም። ግን አዛዡ በሕይወት ቢኖሩም ያ ጦር በጠባብ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አፍአበትን የበላት እኮ ጫፍ ላይ የተደረገ ውጊያ ብቻ አይደለም። ከግንባር ወደ አፍአበት የሚያፈገፍገው የታንክና የመኪና ሰልፍ አድሽሩም መተላለፊያ ላይ ሲደርስ የፊተኛው ተመታ። ግራ ገደል፣ ቀኝ ገደል። የኋላው መዞር አልቻለም። ከዚያ የገዛ አየር ኃይሉ፣ መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ብሎ ሰልፉን ደበደበው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበረ ሰው ጫፎቹን ማን እንደያዘ ምን ያደርግለታል? የሚወጣበትን መንገድ ይይዙለት እንጂ።

ስለዚህ አስተማሪው ቃሉን ይዟል፣ ቦታውን ስቷል። ገዢው መሬት ጫፉ አይደለም። ምንጩ ነው፣ መተላለፊያው ነው፣ ቃሬዛ የሚወርድበት ቀጭን መንገድ ነው። ጋሼ ይሄን በአውራ ጣታቸው ነግረውን ነበር። «የጨረሰን ውሃው አይደለም» ያሉት በኋላ ነው፣ እልህ ይዟቸው። እኔ የምይዘው የመጀመሪያውን ነው። አስመራ ያደገው ጎረቤታችንም ቢሆን «ከጀርባ ነው» ሲል ሊደግፋቸው እንጂ ሊቃወማቸው አልነበረም፤ ሁለቱም አላወቁትም።

አንድ ነገር ቆጨኝ። ጋሼ «እኔና አንድ ልጅ ወረድን» አሉ። ሽቅብ ሲወጡ ግን «ወጣሁ» ነው ያሉት። ልጁ ምን እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም። ሁላችንም ስለ ጄኔራሉ ነበር የምንጨቃጨቀው።

ጋሼ የቆሙትን ካርታዎች ሰበሰቡ። ስንዴውን ከጠረጴዛው ላይ ጠረጉት።

«ማነው የሚያድለው?» አሉ።