ስግደቱን ሰማንያ ያድርጉልኝ

ቅዳሴ ላይ የምፈራት ቦታ አለችኝ። “ነአምን በአሐዱ አምላክ” ተብሎ ጸሎተ ሃይማኖት ካለቀ በኋላ ዲያቆኑ “ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት” ይላል፤ እርስ በርሳችሁ በተለየች ሰላምታ እጅ ተነሣሡ ማለቱ ነው። ሕዝቡም ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየዞረ አጠገቡ ለቆመው ሰው ጎንበስ ይላል። የቆመው ማን ይሁን ማን አይመረጥም። የኔም ጭንቅ እዚያ ላይ ነው፤ ጎረቤቴ የሚያስቀድሰው እኔው ደብር ነውና።

ከተኳረፍን ሰባት ወር አልፎናል። ስለዚህ ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። እሱ ከፊት ከቆመ እኔ ከኋላ፤ እሱ ዓምዱን ከተደገፈ እኔ ወደ በሩ። አንድ እሑድ ግን አርፍዶ መጣና፣ ሰው ስለበዛ፣ እየተጋፋ መጥቶ ጎኔ ተተከለ። በዚህ በኩል እሱ፣ በዚያ በኩል ግድግዳ። ዲያቆኑ ያችን ቃል ሲል ዞር አልኩና ለግድግዳው እጅ ነሣሁ። ግድግዳው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ስለተሣለ ያየኝ ሁሉ ለሥዕሉ የሰገድኩ መስሎት ይሆናል። ዘንዶው ግን ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ጠባችን የርስት አይደለም፣ የሃይማኖትም አይደለም። የውሃ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይረዳኛል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ናት፤ በሳምንት አንዴ፣ እሷም እንደ ሙሽራው በእኩለ ሌሊት ትመጣለች። እኛም እንደ ዐሥሩ ቆነጃጅት፣ በመብራት ፋንታ ባልዲ ይዘን እንጠብቃለን። አምስቱ ልባሞች ሮቶ አላቸው፤ አምስቱ ሰነፎች ቢጫ ጀሪካን። ጎረቤቴ ከልባሞቹም ልባም ሆነና ዲናሞ ገጠመ። ዲናሞ መስመሩ ላይ ያለችውን ውሃ እየሳበ ለባለቤቱ ሮቶ ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲህ የኔ ቧንቧ ፉጨት እንጂ ውሃ አታውቅም። ሄጄ በትሕትና ነገርኩት። (ባለቤቴ “ትሕትና” በሚለው ቃል አትስማማም።) እሱም ፈገግ ብሎ “ወንድሜ፣ አንተም ግዛ” አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይግረማችሁና በነዚህ ሰባት ወራት ለእግዚአብሔር ያለኝ ፍቅር እንደ ጉድ ጨመረ። የሁዳዴን 55 ቀን ማንም እንደኔ የሚያከብር አልመሰለኝም፤ ብስኩት እንኳ ስገዛ ወተት ይኑርበት አይኑርበት ብዬ ያቺን ደቃቃ ጽሑፍ በመነጽር አነባለሁ። ለታቦቱ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ተስዬ አስገባሁ። ለጥምቀት ምንጣፍ መግዣ አዋጣሁ። ጥር 11 ቀን የሰፈር ልጆች ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ እየጠቀለሉ፣ ወደ ፊት እየሮጡ ሲያነጥፉ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንዱን ጫፍ ይዤ ሮጫለሁ። ሌላውን ጫፍ የያዘው የጎረቤቴ ልጅ ነበር። በክርኔ ገጭቼዋለሁ፤ ሩጫ ነው፣ ያጋጥማል።

እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርን መውደድ ብዙም አይከብድም። ዲናሞ የለውም። ተበድሮ አይጠፋም፣ መኪናውን በር ላይ አያቆምብህም፣ “አንተም ግዛ” አይልህም። ጧፍ ታበራለህ፣ ትሳለማለህ፣ ትወጣለህ። ዮሐንስ ወንጌላዊ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን እንዴት ሊወድ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። ከሐዋርያ ጋር መከራከሬ አይደለም። እኔ ግን ጎረቤቴን የጠላሁት ስላየሁት ነው። ባላየው ኖሮ ከማንም አብልጬ እወደው ነበር።

በመጋቢት የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጡ። “ውሃ አምጡ” አሉ። ጀሪካኑን አነቃነቅሁት፤ ባዶ ነው። ባለቤቴ ምንም ሳትደነግጥ ጆግ ይዛ ወጣችና ሞልታ ተመለሰች። አባታችንም ጸልየው ባርከው ማዕዘኑን ሁሉ ረጩ፣ እኔንም ፊቴን አጠቡኝ። በረደኝ፤ ነፍሴ ደስ አላት። ጠጅ እንኳ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም።

“እንዴት ያለ ጥሩ ውሃ ነው! ከየት አመጣሽው?” አሉ።

“ከጎረቤት፣ አባቴ።”

ዲናሞዋ! ፊቴ ላይ የሚንጠባጠበው የጠላቴ ውሃ ነው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። አባታችን መጠየቅ ሲጀምሩ ባለቤቴ ሁሉን ዘረገፈችው። ለካ እሷና የሰውየው ሚስት አንድ ቀንም አልተጣሉም። ለካ ውሃ በመጣች ሌሊት ሁሉ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ጎማ አሻግሮ ከጓሮ ያለውን በርሜላችንን ይሞላ ነበር። እኔ ተኝቼ፤ እንዲያውም እያንኮራፋሁ። ሰባት ወር ሙሉ ሰውነቴን የታጠብኩት፣ ቅዳሴ የምሄድበት ነጠላ የታጠበው በዲናሞ ውሃ ነው።

“ቆይ፣ ለባለ ጋሪው ውሃ ብዬ በየወሩ የምሰጥሽ ብርስ?” አልኳት።

“ጃንጥላው በምን የተገዛ መሰለህ?” አለችኝ።

አባታችን ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከልለው ዋሉ። ከዚያ ኮስተር አሉና ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ አርባ ስግደት፣ ደግሞም ሄዶ መታረቅ። አርባው ምንም አይደለም፤ ጉልበቴ ለምዷል። ሁለተኛው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

“አባቴ፣ ስግደቱን ሰማንያ ያድርጉልኝና እርቁ ይቅርልኝ።”

“ገበያ መሰለህ?”

“መቶ ሃያ።”

“ልጄ” አሉኝ፣ “መቶ ሃያውን ስገድ፣ ማን ይከለክልሃል። ከሰገድክ በኋላ ግን አጥሩ እዚያው ነው፤ ሰውየውም እዚያው ነው።”

በደብረ ዘይት እሑድ በጠዋት ተነሣሁ። ነገረ ምጽአት፣ የጌታ ዳግም መምጣት፣ የሚሰበክበት ቀን ነው፤ ቢያንስ አንድ ጉዳይ አቃልዬ ልጠብቅ ብዬ። ጎረቤቴን ከሩቁ አየሁትና ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሱ ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ትንሽ ቆይቶ ቀስ በቀስ፣ እንደ ዋዛ፣ በእግሩ ጣቶች ወደ ግድግዳው መንሸራተት ጀመረ። ያቺን አካሄድ አውቃታለሁ፤ የራሴ ናት። ለካ ሰባት ወር ሙሉ ቦታ ስንመርጥ የኖርነው ሁለታችንም ነን።

ዲያቆኑ ያችን ቃል አለ። ዞሬ ጎንበስ አልኩ። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ቀና ብል ይቀርብኛል ብዬ እንደ ጎበጥኩ ቆየሁ፤ ሕዝቡ ተሳላልሞ ጨረሰ፣ ወገቤ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አንድ ሽማግሌ አሞት ይሆን ብለው መቋሚያቸውን አቀበሉኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ዞረ። አየኝ። እሱም ጎንበስ ሲል ግንባራችን ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ።

እዚያው እንደተጎነበሰ ጆሮዬ ሥር “ዛሬ ሌሊት ትመጣለች” አለኝ።

ያለንበት ዕለት ነውና ልቤ ዘለለች። “ማን?”

“ውሃዋ ነቻ! የበርሜሉን ክዳን እንዳትረሳው፤ ባለፈው ከድናችሁት ተኝታችሁ ግቢው ሁሉ ጭቃ ሆነ።”