የሚጾመው የገና አባት

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። ስለ ትምህርቱ ከጠየቃችሁት ጭንቅላቱን እያከከ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ስልክ ላይ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ከጠየቃችሁት ግን፣ ጦሳ ጫፍ ወጥቶ ደሴን ቁልቁል እንደሚያይ ሰው የሚያመልጠው ነገር የለም።

ታኅሣሥ 16 ማታ፣ ፈረንጆች ገናቸውን በሚያከብሩበት ቀን፣ ስልኬን ወሰደና አንድ ጨዋታ ጫነበት። «ጋሼ፣ በነጻ ነው» አለኝ። «በነጻ» የሚባል ነገር ሲሰማ የእህቴ ባል ኪሱን ይዳብሳል።

«ማስታወቂያስ?» አለ።

«የለውም።»

«በኋላ ብር አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

«እንግዲያው ሰውየው ምን ፈልጎ ነው?»

ሰውየው ምንም የፈለገ አይመስልም። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ይመጣል። ፕሮግራሙን የጻፈው፣ ሥዕሉን የሣለው፣ ሙዚቃውን ያቀናበረው አንድ ሰው ነው፤ ያው ስም ሦስት ጊዜ ተደርድሯል። አራተኛው መስመር ላይ ድመቱን ያመሰግናል። «ሚስት የለውም ማለት ነው፣ የኔ ምስኪን» አለች እናቴ። እንዲህ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንዲያውም ሉዱም ዴር የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ውድድር አለ፤ ብቻውን የሚወዳደር ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከባዶ ተነስቶ ጨዋታ ሠርቶ ያስረክባል። እኛ ቤት በ48 ሰዓት ውስጥ በግ ይገዛ ወይስ ቅርጫ ይገባ የሚለው ክርክር እንኳ አያልቅም።

ጨዋታው ቀላል ነው። ቀይ የለበሰው የገና አባት ጣሪያ ለጣሪያ ይሮጣል። የእናንተ ድርሻ አንድ ጣት ማዋጣት ነው፤ ስትነኩት ይዘላል። ስጦታ እየለቀመ በየጭስ ማውጫው ይጥላል። የበረዶ ሰዎች ተደብቀው ይወረውሩበታል። እዚህም እዚያም አንድ ብርጭቆ ወተትና ብስኩት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ወተቱን ሲጠጣ ይበረታል፣ 50 ነጥብም ይጨመርለታል። ሳይጠጣ ከቆየ እየደከመው ይሄዳል። 12 ሰፈር አለ፤ ሦስት ነፍስ አለው። በቃ።

ይህ የሦስት ነፍስ ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የእነዚህ ጨዋታዎች አያቶች ሳንቲም የሚበሉ ትልልቅ ሳጥኖች ነበሩ፤ አርኬድ የሚባለው እሱ ነው። ሳንቲም ትከታለህ፣ ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፣ ቶሎ ይገድልህና እንደገና ኪስህ ትገባለህ። የኛ ሰፈር ጆተኒም በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደር። ከሳጥኖቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ስፔስ ኢንቬደርስ እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ ወጣ። እዚያ ላይ ጠላቶቹ በቁጥር ባነሱ መጠን እየፈጠኑ ይመጣሉ። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ መጀመሪያ አስቦበት አልነበረም፤ ማሽኑ የሚሥለው ሲቀንስለት ሸክሙ ቀለለውና ሮጠ። ይህን ሳነብ የበዓል ሰሞን ኪሴ ምን እንደሚሆን ገባኝ። ሰኞ ገበያ ስደርስ ብሩ ብዙ ነው፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ዶሮ። የመጨረሻዋ ሦስት መቶ ብር ግን ስትሄድ ዓይን አይይዛትም።

ወደ እናቴ ልመለስ። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ከልጁ ተቀበለች።

«ይሄ ሽማግሌ ሰው ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?»

«ስጦታ እያደለ ነው እማዬ።»

«በር የላቸውም?»

«በጭስ ማውጫው ነው የሚገባ።»

«በሌሊት፣ በጣሪያ! እኛ ሰፈር ቢሆን እስካሁን ጩኸቱ ቀልጦ፣ እሱም እየሮጠ ቡዋንቧ ውሃ ሰፈር ደርሶ ነበር።»

ጥፋቱን የሠራሁት ይኼኔ ነው። ለሰውየው ጥብቅና ቆምኩ። «እማዬ፣ ሌባ አይደለም። ነገሩ የተነሳው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚራ ከተማ ጳጳስ ነበር። ለድሆች በስውር ይሰጥ ነበር ይባላል።»

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። «ጳጳስ?»

«አዎ።»

«ጳጳስ ሆኖ ነው በጾም ወተት የሚጠጣ?»

ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና አልተፈታም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ለገና አባት ወተትና ብስኩት አስቀምጠው እንደሚተኙ፣ የነሱም በዓል ዛሬ እንደሆነ አስረዳሁ። ማን ሰምቶኝ። «እሱ አገር ፈስኮ ይሆናል። እኔ እጅ ላይ እስካለ ድረስ ግን ይጾማል» ብላ ፈረደች።

ጾመም። እናቴ ስጦታውን ትለቅማለች፤ ወተት ስታይ ትዘላለች። ብስኩቱ ላይ ትንሽ አመነታች። የእህቴ ልጅ «እማማ፣ የጾም ብስኩት ነው» አላትና ሁለት ሰፈር ሙሉ እየበላች ሄደች። ሦስተኛው ሰፈር ላይ ጣቷን አቆመች። «ቅቤ እንደሌለው በምን አወቅህ?» ልጁ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ብስኩትም ቀረ።

ውጤቱን አስቡት። የገና አባት በባዶ ሆዱ አራተኛው ሰፈር ላይ ማለክለክ ይጀምራል። ስድስተኛው ላይ ከዝላዩ ይልቅ መውደቁ ይበዛል። ሰባተኛውን አልፎ አያውቅም። «እማዬ፣ አንዲት ብርጭቆ ብቻ…» ስላት «ይበርታ። እኛስ በዚህ ብርድ ስንት ሌሊት ቆመን እናድር የለ?» አለችኝ።

ይህ ሁሉ በሰላም ያልፍ ነበር፣ ሐጂ ባይመጡ። ሐጂ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ኢሻ ሰግደው ቡና ላይ ብቅ ይላሉ። እናቴ ስትጫወት ሁለት ማታ ዝም ብለው አዩ። በሦስተኛው ማታ «እስቲ ለኔም» አሉ። ጣታቸው ወፍራም ነው፤ ያለፈ ዕድሜያቸውን በጨርቅ ንግድ ነው ያሳለፉት፣ መለካት ግን ያውቁበታል። አንድ ወተት፣ ሁለት ወተት፣ አምስት ወተት። የገና አባት ወዙ ተመለሰ። ዘጠነኛው ሰፈር ደረሱ። ከላይ ደማቅ ጽሑፍ መጣ፤ ልጁም የሐጂን ስም ጻፈላቸው። አንደኛ ሐጂ፣ ሁለተኛ የእህቴ ልጅ፣ እናቴ አምስተኛ። አራተኛው እኔ ነኝ። ሦስተኛው የእህቴ ባል ነው፤ ምን ፈልጎ ነው ሲል የነበረው ሰውዬ።

«አንቱማ ምን አለብዎት ሐጂ» አለች እናቴ፣ ጀበናውን ከሚገባው በላይ እያንቋረረች። «የጠገበ ሁሉ ይዘላል።»

«አብሽሪ» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ ረመዳን ሲገባ እኔም ቀን ቀን አልነካትም።»

ነገሩ ፉክክር ሆነ። ስልኬ የኔ መሆኑ ቀረ። ማታ ማታ ሐጂና እናቴ ይቀባበሉታል፤ ጠዋት ባትሪው አልቆ ይጠብቀኛል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ወደ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ከመታጠፊያው ብዛት ግን ጨጓራ ሌላ ቁጥር ይነግራችኋል። ሚኒባስ ውስጥ ልለማመድ ስል የገና አባት ወደ ግራ ይዘላል፣ ሾፌሩ ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ፌስታል አቀበለችኝ። ስለ ጨዋታው ሌላ የምላችሁ የለኝም፤ ሐረጎ ላይ ግን አትክፈቱት።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀት ነው። ደሴ ላይ የደረብነውን ጃኬት እዚያ ስንደርስ ክንዳችን ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በረዶውን ሲያዩ አንዱ ስልኩን ወስዶ ግንባሩ ላይ ለጠፈው። «ይቀዘቅዛል?» አሉት። «ትንሽ ተስፋ አለው» አለ። በዚህ መሀል አለቃችን ከኋላ ቆመው ኖሯል። እኔን ተረቱ ቀድሞኝ ወጣ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!»

«ጌታ ባይቆጣም አለቃ ይቆጣል» አሉኝ። ቀጥለው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ስንተኛው ሰፈር ደርሰሃል?» አሉ።

አራተኛ መውጣቴን ግን አልነገርኳቸውም።

የገና ዋዜማ እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዶሮው ከምሽት ጀምሮ ተጥዷል፣ ቤቱ በሽንኩርትና በቅመም ታፍኗል። ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመለሰች። ብርዱ ነጠላዋ ላይ ጤዛ አስቀምጧል። እህቴ ትሪውን አቀረበች፣ እንጀራውን ዘረጋች፣ እንቁላሉን ከመረቁ አወጣች። የምንጠብቀው እናቴ ባርካ እንድትቆርስልን ብቻ ነው። ምራቃችንን እየዋጥን ቆምን።

እናቴ ተቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ በደንብ አደራረቀች።

«ስልኩን አምጡት» አለች።

«እማዬ፣ ወጡ እኮ ይቀዘቅዛል!»

«እኔ ስፈስክ እሱ እየጾመ ይዋል? እሱም እኮ ስንት ቀን ለፋ።»

የመጀመሪያው ሰፈር ላይ የመጀመሪያው ወተት መጣ። ይህን ሁሉ ቀን ስትዘለው የነበረውን ብርጭቆ ወረደችበት። ብስኩቱንም አልማረችው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የገና አባት እንደዚያ ሌሊት ሲዘል አይቼው አላውቅም። የእህቴ ባል የዶሮውን ሽታ ረስቶ «ከበረዶ ሰው ተጠንቀቂ!» ይላል። ሰባተኛው ሰፈር አለፈ። ዘጠነኛው አለፈ። አስራ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ የሰውየው ስም ሦስት ጊዜ መጣ፣ ድመቱም ተመሰገነ። እናቴ «እሱንም ጌታ ያክብርልኝ» አለችና እንጀራውን ቆረሰች።

ጠዋት ሐጂ አዲስ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው መጡ። «እንኳን አደረሳችሁ» አሉ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልን። ለሳቸው ለብቻ በተለየው ድስት፣ በሰፈሩ ሙስሊም እጅ የታረደው ዶሮ ቀረበ። እናቴ ምንም ሳትል ስልኩን ትሪው አጠገብ አኖረችው።

ሐጂ አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡት። ከዚያ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እጃቸው ላይ እንደያዙ፣ በሌላኛው እጃቸው አንድ ሁለት እያሉ ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ።

«ምን እየቆጠሩ ነው ሐጂ?» አለች እናቴ።

«ረመዳን እስኪገባ ስንት ቀን እንዳለኝ» አሉ።