ለታጋሹ ሶፍትዌር የቀረበ ውዳሴ

ድሬዳዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ ልሥራ የሚል ሰው በሙቀቱ ይፈረድበታል። የከተማችን ፕሮግራመር ግን ሙቀት እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የሚያንቀላፋ ፕሮግራም ሠርቶልናል። እድሜ ይስጥልን!

ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ጸሐፊዋ «ሪፖርት አውጣ» የሚለውን ትጫናለች። ፕሮግራሙ ከኋላ ቻይልድ ፕሮሰስ (ሥራውን የሚሠራለት ሌላ ፕሮግራም፣ «ልጁ» እንበለው) ያስነሳና የልጁን ውጤት ለማንበብ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ማውሱ ይዞራል፣ «ሰርዝ» የሚለው እንኳ አይሰማም። ከመጋላ በባጃጅ ደቻቱን ተሻግረው የመጡ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ ቆመዋል።

«አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ።»

«ከሰዓት ደግሞ ማን ይኖራል ልጄ?»

ኧረ ሲስተሙስ አለ! ልጁን እየጠበቀ ነው እንጂ።

አንዳንድ ችኩሎች ንባቡን ለሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄድ የሥራ ክር) ሰጥተው ዋናው ትሬድ ተጠቃሚውን እንዲያዳምጥ ያደርጋሉ። ሌሎቹ «የሚነበብ ሲመጣ ጥራኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ለዚሁ የሚሆነው ሴሌክት የሚባለው ጥሪ 4.2ቢኤስዲ ዩኒክስ በሚባል ስርዓተ ክወና የወጣው በ1983 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የእኛ ሰው ግን አስተዋይ ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ብቻ የተፈተነ ነገር ላይ እጁን አይዘረጋም።

የጥበቡ ጣሪያ ደግሞ መጀመሪያ ልጁ እስኪጨርስ ጠብቆ ከዚያ ማንበብ ነው። ልጁ የሚጽፈው ፓይፕ ውስጥ (ጽሑፍ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው በሚያልፍበት ቱቦ) ነው፤ ሊኑክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ አንድ ፓይፕ በተለምዶ 64 ኪሎባይት ይይዛል። ሲሞላ ልጁ አንባቢ እስኪመጣ ይቆማል፤ ወላጁ ደግሞ ልጁ እስኪጨርስ ቆሟል። በር ላይ «ይቅደሙ!» «ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም!» እየተባባሉ ውጭ እንደሚያመሹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሲሞከር የአንድ ቀን ሪፖርት ብቻ ስለወጣ ፓይፑ አልሞላም፤ ሁሉም አጨበጨበ። የዓመቱ ሲጠየቅ ነው ጨዋነቱ የተገለጠው። (የስህተት መልእክት የሚፈስበት ሌላ ፓይፕም አለ። እሱን የሚያነብ የለም፤ ዝም ብሎ ይሞላል።)

ሂደቱን በመቶኛ የሚያሳየው መስመርም ሊመሰገን ይገባል። ያው ልጅ ተርሚናል (ሰው በቀጥታ የሚያየው የጽሑፍ መስኮት) ላይ ሲሆን በየመስመሩ ያወራል፤ ፓይፕ ሲያይ ግን ብዙ ጊዜ ወሬውን በፈር (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ያጠራቅማል። ስለዚህ መስመሩ 0 ላይ ይውልና በአንድ ጊዜ 100 ይሆናል፤ በመሀል የሚያጨናንቅ መረጃ የለም።

በመጨረሻ ቢሮው አቤት ሲል ባለሙያው መጣ፣ ማሽኑን በእጁ ዳሰሰ፣ «ደካማ ነው አቦ፣ ራም ይጨመር» አለ። ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ከፍ ተደረገ። ፓይፑ ያው 64 ኪሎባይት ነው። ፕሮግራሙ አሁን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ተንደላቆ ይጠብቃል፤ የራሙ ደረሰኝ ግን በሰዓቱ ወጥቷል፣ በእጅ ስለተጻፈ።